በገዛ እጅሽ አትፈርሚ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ደውለሽ «ጋሼ፣ ፋብሪካችን ውስጥ የሠራተኛ ቅነሳ ሊመጣ ነው እየተባለ ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ» ስትዪኝ «አይዞሽ» ከማለት ሌላ አልመጣልኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳስበው ግን አይዞሽ ብቻ ለዚህ ነገር አይበቃም። እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 24 ዓመት ሠርቻለሁ። ፋብሪካው ወደ ግል ሊዛወር ነው በተባለበት ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ ስሜ ይጠራ ይሆን?» እያልኩ አድሬአለሁ። ስለዚህ የማውቀውን በቁጥር ለይቼ ጽፌልሻለሁ። አንድ ክፍል ተከራይተው አብረውሽ ለሚኖሩት ልጆችም አንብቢላቸው።

1. ወሬውን ከምልክቱ ለዪ።

«የስም ዝርዝሩ ወጥቷል» የሚል ሰው ምሳ ሰዓት ላይ አይጠፋም፤ ዝርዝሩን በዓይኑ ያየ ግን አታገኚም። ምልክት ሌላ ነው። ኦቨርታይም ይቆማል፤ ጨርቅ የጫነው ኮንቴይነር ይዘገያል፤ ሁለት መስመር ወደ አንድ ይጠቀለላል፤ የለቀቀች ልጅ ቦታ ሳይተካ ይቀራል። እነዚህን ካየሽ ተዘጋጂ፤ ካላየሽ ሥራሽን ሥሪ።

የሀዋሳ ነባር ሠራተኞች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በ2014 ኅዳር ላይ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እዚያው ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ተሰረዘችና እናንተ የምትሰፉት ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት በር ተዘጋ። ያን ጊዜ ሥራ ያጡት ልጆች ስፌታቸው ተበላሽቶ አልነበረም። ይህን የማነሳልሽ አንድ ቀን ተራው ቢደርስሽ «ምን አጥፍቼ ነው?» እያልሽ ራስሽን እንዳትበዪ ነው።

2. «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ።

ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ። ከእኔ ማሽን ቀጥሎ የሚሠራ ባልደረባ ነበረኝ፤ 17 ዓመት ያገለገለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ጠሩት። ጠረጴዛው ላይ ተጽፎ ያለቀ ማመልከቻ ነበር፤ የስሙና የፊርማው ቦታ ብቻ ክፍት ነው። «ከምትቀነስ በክብር ልቀቅ፤ ወደፊት ሌላ ቦታ ስትጠይቅ ስምህ ያምራል» አሉት። እስክሪብቶው በክር ከጠረጴዛው ጋር ታስሯል። ሊፈርም ሲል ክሩ አጠረና ወረቀቱን ወደ እስክሪብቶው ስቦ ፈረመ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅነሳው በይፋ ሲመጣ የተቀነሱት ክፍያቸውን ተቀበሉ። እሱ ግን የወሩን ደመወዝ ብቻ ይዞ ነበር የወጣው፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ የቀነሰው ሰው የለም፤ ራሱ ነው የለቀቀው። ዓመታት ካለፉም በኋላ ባገኘሁት ቁጥር የሚያነሳው ያችን ክር ነበር።

ያንን ሰው ያስፈረመው ፍርሃት ነው። ጭንቀት ሲበዛ ሰው «ይለይልኝና ልረፍ» ይላል። አንቺ እንደዚያ አትበዪ። የሚለይበት ቀን ይምጣ፤ አሠሪው የሚያሰናብትሽ ከሆነ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞ ይስጥሽ። ወረቀት ቢያቀርቡልሽ «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር የለውም።

3. የሚገባሽን ከአሁኑ አስዪው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። ስለ ቅነሳ የሚለውን ባጭሩ ልንገርሽ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የሁለት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ምክንያቱ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልበታል።

አንቺ አራት ዓመት ሞልቶሻል። 30 ሲደመር 10፣ 10፣ 10፤ 60 ቀን። ሌላ 60 ሲታከል የ120 ቀን ደመወዝ ነው። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብልሻል። ይህን ቁጥር ጻፊና አስቀምጪው። በሁለት ነው የሚጠቅምሽ፤ አንደኛ ማንም አያታልልሽም፤ ሁለተኛ ሌሊት ስትባንኚ የምትፈሪው ጨለማ ልክ ይኖረዋል። የአራት ወር ኪራይና ምግብ እንዳለሽ ስታውቂ ሐሳብሽ ከ«ምን ይውጠኛል» ወደ «በአራት ወር ምን አደርጋለሁ» ይዞራል።

የቅጥር ውልሽን፣ የደመወዝ ወረቀቶችሽን፣ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለእኔም ላኪልኝ።

4. ቤት ላለ ሰው አትደብቂ።

እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። አክስትሽን ላለማስጨነቅ ብዬ የፋብሪካውን ነገር ዝም አልኳት። እሷ ደግሞ ደመወዙ እንደማይነቃነቅ አምና በዕቁባችን ሁለተኛ ዕጣ ገባች። ዕጣው ቶሎ ወጣላትና ለጓዳው ቆርቆሮ ገዛችበት። ብሩን አንዴ ከበላሽው ዕቁብ ዕዳ ነው፤ ሥራ ኖረም አልኖረም በየወሩ መክፈል አለ። ማታ ማታ እሷ ስለ አዲሱ ጓዳ ስታወራኝ እኔ ጣሪያውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በመጨረሻ ስነግራት የተቆጣችው በቅነሳው አይደለም፤ «ብታማክረኝ ኖሮ አልገባም ነበር» ነው ያለችው። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ለእናትሽ ንገሪያት። በየወሩ የምትልኪላትም ገንዘብ ምናልባት እንደሚቀንስ ዛሬ ትወቅ። ዕቁብሽ ካልወጣልሽ አዲስ ዕጣ አትጨምሪ፤ ወጥቶልሽ ከሆነ ለሰብሳቢው ሁኔታውን ቀድመሽ አስረጂው። በዚህ ሰሞን ለማንም የብድር ዋስ አትሁኚ። እድርሽን ግን አትተዪ።

5. ሌላ ማሽን ተማሪ።

ሕጉ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ ቅድሚያ የሚቆዩት የሥራ ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያላቸው ናቸው ይላል። እኩል ከሆኑ ነው የአገልግሎት ዘመንና የቤተሰብ ብዛት የሚታየው፤ ነፍሰ ጡሮች የሚቀነሱት መጨረሻ ላይ ነው። ኦቨርሎክ ብቻ የምትችል ልጅና ሦስት ዓይነት ማሽን የምትችል ልጅ አንድ አይደሉም። በባዶ ሰዓትሽ አጠገብሽ ያለችውን «አሳዪኝ» በያት። ቅነሳው ባይቀርልሽ እንኳ ሙያው አብሮሽ ይወጣል።

6. ጓደኛሽን አትሽጪ።

ቅነሳ ሲወራ ሰው የሌላውን ስሕተት ለአለቃ እያቀበለ ራሱን ያተርፍ ይመስለዋል። በእኛ ዘመን እንዲህ ያደረጉ ነበሩ፤ ግማሾቹ ከከሰሷቸው ሰዎች ጋር በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ይልቅ አንድ ላይ ሆናችሁ የሠራተኛ ማኅበራችሁን ጠይቁ። አሠሪው ማን እንደሚቀነስ የሚለየው ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ተመካክሮ መሆን አለበት። ማኅበር ከሌላችሁ ተወካይ ምረጡ።

7. ቅነሳው ከመጣ ደግሞ ቀን ቁጠሪ።

ክፍያሽ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰጥሽ ይገባል። የሥራ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመቀበል መብት አለሽ፤ ሳትይዢ አትውጪ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብለሽ ወደ ሥራ ለመመለስ የምትከሺ ከሆነ ያለሽ ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ ላልተከፈለሽ ገንዘብ ስድስት ወር። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው «ዛሬ ነገ ይሰጡኛል» ሲል ቀኑ አልፎበት ነው።

8. እንቅልፍሽን አትስጪያቸው።

የእኔ ስም በመጨረሻ ሳይጠራ ቀረ። ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ያን ሁለት ዓመት ግን ልጆቼ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጦ የሌለ ያህል ነበር ያደጉት፤ የበኩር ልጄ ፊደል የቆጠረበትን ጊዜ አላስታውሰውም። አንቺ ማታ ስትገቢ ስልኩን አስቀምጪና አብረውሽ ከሚኖሩት ልጆች ጋር ቡና አፍሉ፤ ስለ ፋብሪካው የሚወራው ስኒው እስኪታጠብ ይቆይ።

ጥሪ ከመጣ፣ ወረቀትም ካቀረቡልሽ፣ ከመፈረምሽ በፊት ደውዪልኝ። በሥራ ሰዓትም ይሁን በሌሊት፣ አነሳለሁ።