የሞተር ጢስና የምድር ቤት አየር

ፔካ 12 ስሙን ያገኘው ከጂቡቲ ከተማ መሐል 12 ኪሎ ሜትር ከመራቁ ነው። የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ነጂዎች ወደብ የሚገቡበትን ተራ ሲጠብቁ በዚህ ሠፈር ያድራሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ነጂው ለማቀዝቀዣው ሲል ሞተሩን ሳያጠፋ መስኮት ዘግቶ ቢተኛ የሚፈረድበት አይደለም። ነገር ግን ማርሚታው በዝገት የተበሳ እንደ ሆነ ጢሱ ወደ ጋቢናው ይገባል።

በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። በደጋው አገር በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው ነው። መጀመሪያ ራስ ያምማል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሰውየውም ድካም መስሎት ይተኛል።

የናፍጣ ሞተር ይህን ጋዝ ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ያወጣል፤ ጥላሸቱ ግን ይበዛል። የናፍጣ ጢስ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 ዓ.ም. አስታውቋል።

ፔካ 12 ሜዳ ስለ ሆነ ጢሱን ነፋስ ይበትነዋል። በምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ ግን ይህ የለም። አዲስ አበባ እንደነዚህ ያሉ ማቆሚያዎችን አብዝታለች፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የመስቀል አደባባዩ ብቻ 1,400 ያህል መኪና ይይዛል። በዚያ ከተማ ከፍታ አየሩ ሳስቶ ኦክሲጅኑ አስቀድሞ የቀነሰ ስለ ሆነ፣ የጋዙ ጉዳት ይብሳል። ቀዝቅዞ የቆየ የቤንዚን ሞተር ሲነሣ ደግሞ ከሞቀው ይልቅ መርዝ ያወጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የወሰነው ልክ ለ15 ደቂቃ 100 ሚሊግራም፣ ለ8 ሰዓት ግን 10 ሚሊግራም ነው። ባለመኪናው በአምስት ደቂቃ ወጥቶ ይሄዳል፤ ዘበኛው፣ ቲኬት ቆራጩና መኪና አጣቢው ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። ስለዚህ ማራገቢያው የሚለካው በእነርሱ ሰዓት መሆን ይገባዋል። መብራት ለመቆጠብ ተብሎ ማራገቢያ የሚጠፋበት ሕንፃ ቁጠባውን የሚከፍለው በዘበኛው ደም ነው። ንጹሕ አየር የሚስበው ቀዳዳም መኪኖች ተሰልፈው ከሚያጨሱበት መግቢያ መራቅ አለበት፤ አለዚያ የወጣው ጢስ ተመልሶ ይገባል። ጋዙ ሲበዛ ማራገቢያውን በራሱ የሚያስነሣ መለኪያ ቢገጠም ይመረጣል፤ አፍንጫ ይህን ጋዝ አይለየውምና።

በጋዙ የተመታ ሰው ቢገኝ በፍጥነት ወደ ሜዳ ወጥቶ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። በተራ አየር ጋዙ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል።