የማቀዝቀዣ ሰሌዳ እንዴት ይነበባል?

ብዙ ሰው ማቀዝቀዣ ሊገዛ ሲሄድ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፤ ቀለሙን ያያል፤ መብራቱ መሥራቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያም ዋጋ ተከራክሮ ይወስዳል። ዕቃው ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚበላና በምን ዓይነት ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ እንደ ታሰበ የሚናገረውን ሰሌዳ ግን የሚያነበው ጥቂት ነው። ይህ ቸልታ በደጋ አገር ብዙ ላያስከፍል ይችላል። በአርባ ምንጭና በሶዶ መንገድ ላይ ባለችው በጫኖ ግን የአንድ ቤተሰብን ወይም ተደራጅተው ሥራ የጀመሩ ወጣቶችን ጥሪት ሊያጠፋ ይችላል። እኛም ነገ ተምረዋል ተብለን ምክር የምንጠየቅ ስለሆንን ነገሩን በቅደም ተከተል ብንመለከተው ይጠቅመናል።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንረዳ። ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ በውስጡ ያለውን ሙቀት እየቀዳ ወደ ውጭ ያፈሳል። በጀርባው ወይም በጎኑ በኩል የሚሞቀውም ስለዚህ ነው። የጕድጓድ ውሃ ሲርቅ የቀጂው ድካም እንደሚበዛ ሁሉ፣ በውስጥና በውጭ ያለው የሙቀት ልዩነት ሲሰፋ የሞተሩ ሥራ ይበዛል። ለምሳሌ ውስጡ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሆነ ፍሪዘር 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ልዩነቱ 43 ዲግሪ ነው፤ ክፍሉ 35 ዲግሪ ሲሆን ግን 53 ይደርሳል። በዚህ ጊዜ በግድግዳው አልፎ የሚገባው ሙቀት በሩብ ገደማ ይጨምራል፤ የገባውን መልሶ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጕልበትም እንዲሁ በሩብ ገደማ ይጨምራል። ሁለቱ ሲባዙ ፍጆታው ወደ አንድ ጊዜ ተኩል ይጠጋል። እንግዲህ የቆላ ሰው ሰሌዳውን ማንበብ የሚጀምረው ከሙቀት መሆን አለበት።

1ኛ፤ የአየር ጠባይ ምድብ። ይህ በላቲን ፊደል ይጻፋል። «ኤስኤን» ከ10 እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ክፍል ውስጥ ይሠራል ማለት ነው። በአርባ ምንጭ የበጋ ቀትር ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ጠባብ ሱቅ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ለእኛ አካባቢ የሚስማማው «ቲ» ወይም ቢያንስ «ኤስቲ» ነው። «ኤን» የተባለው በርካሽ ቢገኝ እንኳ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይውላል፤ ውስጡም እንደሚፈለገው አይቀዘቅዝም።

2ኛ፤ የኮከብ ምልክት። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ፣ ሁለት 12፣ ሦስት 18 ዲግሪ ያመለክታል። አራተኛው ኮከብ የሙቀቱን ልክ አይለውጥም፤ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ሦስት ኮከብ ያለው ቀድሞ በረዶ የሆነውን ምግብ ያቆያል፤ ትኩሱን አስገብቶ በረዶ ለማድረግ የተሠራው ግን ባለ አራት ኮከቡ ነው። የዓባያንና የጫሞን ዓሣ ለሚነግድ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ባለ አራት ኮከብ ፍሪዘር ለየ100 ሊትሩ በ24 ሰዓት ቢያንስ 4 ኪሎ ተኩል ትኩስ ምግብ በረዶ እንዲያደርግ ይጠበቅበታል። ባለ 200 ሊትሩ እንግዲህ 9 ኪሎ ነው። 40 ኪሎ ቆሮሶ ወይም ናይል ፐርች በአንድ ጊዜ ቢታጨቅበት በዚህ ስሌት ከአራት ቀን በላይ ይፈልጋል፤ በመካከል ያለው ዓሣ እስከዚያ ይበላሻል፤ ቀድሞ የረጋውም ይለሰልሳል።

የጫኖ ሙዝ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ሙዝ ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች ሲቀመጥ ልጣጩ ይጠቍራል፤ ጥሬውም በደንብ መብሰል ያቅተዋል። ለሙዝ ብሎ ተራ ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው ገንዘቡንም ሙዙንም ያጣል።

3ኛ፤ ዋትና ኪሎዋት ሰዓት። ዋት ሞተሩ በሚሠራበት ቅጽበት የሚስበውን ኀይል ይገልጻል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው ግን ኪሎዋት ሰዓትን ነው። በሰሌዳው 100 ዋት፣ በመለያ ወረቀቱ ደግሞ በዓመት 292 ኪሎዋት ሰዓት ተጽፎ ብናገኝ፣ 292ን ለ365 ስናካፍል በቀን 0.8 ይሆናል። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት በበላ ነበር። ስለዚህ የሚሠራው ከቀኑ ሢሶውን፣ ማለት 8 ሰዓት ያህል ነው። ሁለት ዕቃዎችን ስናወዳድር መመልከት ያለብን የዓመቱን ቍጥር ነው። የአውሮፓው ቍጥር በ16 እና በ32 ዲግሪ ተለክቶ አማካዩ የተወሰደ በመሆኑ በአርባ ምንጭ ፍጆታው ከዚያ እንደሚበልጥ መገመት ያሻል።

4ኛ፤ የቁጠባ ፊደል። በአውሮፓ ኅብረት መለያ ላይ ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ያሉ ፊደላት አሉ። እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ «ኤ» ላይ እስከ ሦስት የመደመር ምልክት ይጨመር ነበር፤ ከዚያ ዓመት መጋቢት ወር ጀምሮ ምልክቱ ቀርቶ መስፈርቱ ጠበቀ። ያገለገለ ዕቃ ላይ የሚታየው «ኤ ፕላስ» ከአዲሱ «ኢ» ይሻላል ብሎ ማሰብ እንግዲህ ስሕተት ነው፤ ሚዛኑ ተለውጧልና። በዚያም ላይ ፊደሉ የሚሰጠው የዕቃው መጠንና ዓይነት ታስቦ ስለሆነ፣ ጥሩ ፊደል ያለው ትልቅ ማቀዝቀዣ ዝቅ ያለ ፊደል ካለው ትንሽ ማቀዝቀዣ የበለጠ ሊበላ ይችላል።

5ኛ፤ መብራት ሲጠፋ። በፍሪዘር መግለጫ ላይ በሰዓት የተጻፈ ቍጥር አለ፤ ሙሉ ጭነት የያዘ ፍሪዘር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ከ18 ወደ 9 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስኪደርስ የሚቆይበት ጊዜ ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቍጥር ከበሩ ውበት ይበልጣል። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ከሆነም ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ መሆኑን ማየት አይዘንጋ።

ባጭሩ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የአየር ጠባዩ ምድብ፣ ቀጥሎ ኮከቡ፣ ከዚያ የዓመቱ ኪሎዋት ሰዓት፣ በመጨረሻ ፊደሉ። ሻጩ ከፊደሉ ይጀምር ይሆናል፤ ገዢው ግን ከሙቀቱ ይጀምር። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ በቤታችን፣ በሰፈር ሱቅና በጤና ኬላ ያለውን ሰሌዳ አንብበን ለባለቤቶቹ ብናስረዳ፣ የተማርነው ነገር ለወገን ጠቀመ ማለት ነው።