ጥቂት ቅርጽ፣ ብዙ ፍጥነት፦ የቁጥብ የአንደኛ መደብ የሩጫ ጌሞች ማራኪነት እና ለአዳማ ወጣት ጌም ሠሪዎች ያለው ትርጉም

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በጥቂት ቅርጾችና ቀለሞች የሚሠሩ፣ ዓለሙን በሯጩ ዓይን የሚያሳዩ ፈጣን የሩጫ ጌሞች ብዙ ጊዜ የአቅም ማነስ ውጤት ተደርገው ይታያሉ። ይህ ጽሑፍ አስተያየቱን ይሞግታል። የእይታ ሳይንስ ግኝቶችን፣ ቀላል ስሌቶችንና የታወቁ ጌሞችን በማገናዘብ፣ ቁጥብነት የፍጥነትን ስሜት የሚያጠራና ሽንፈትን ፍትሐዊ የሚያደርግ የአሠራር ስልት መሆኑን ያሳያል። በመጨረሻም ግንዛቤው በአዳማና በአካባቢው የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚገኙ ተማሪዎች የፕሮጀክት ምርጫና ምዘና ያለውን ፋይዳ ያመለክታል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

በአዳማ መናኸሪያ ተሳፋሪ እስኪሞላ በሚጠበቅበት ሰዓት፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ በክፍለ ጊዜዎች መካከል፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ካፌዎች ውስጥ ጣታቸውን በስልክ ላይ ግራና ቀኝ እያንሸራተቱ የሩጫ ጌም የሚጫወቱ ወጣቶችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በእነዚህ ከተሞች የቪዲዮ ጌም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ በዚያ የእግር ኳስ ጌም ይነግሣል፣ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይፋለማሉ፣ ተመልካች ይከባቸዋል፣ ለጨዋታውም ይከፈላል። ሁለተኛው የስልክ ጌም ነው፤ ለብቻ የሚካሄድ፣ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ፣ ብዙውን ጊዜም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። የሩጫ ጌም ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ይመደባል።

ስለ ሩጫ ጌም ተወዳጅነት ሲነሣ ቶሎ የሚሰጡት ማብራሪያዎች ሁለት ናቸው፤ ስልኩ ርካሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው የሚሉ። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ይሁንና ጌሙ ለምን እንደሚጫን ያስረዳሉ እንጂ ለምን ደጋግሞ እንደሚከፈት አያስረዱም። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ በትክክል ምን እንደሚያይና ባየው ነገር ምን እንደሚያደርግ መመርመር ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ «ቁጥብ ጌም» የሚባለው ለውሳኔ የማያገለግለው ነገር ሁሉ ከስክሪኑ የተነሣለት ጌም ነው። «የአንደኛ መደብ እይታ» የሚባለው ደግሞ ካሜራው በሯጩ ዓይን ቦታ የተቀመጠበት፣ ሯጩም ራሱ የማይታይበት አቀራረብ ነው። ሯጩ ከኋላው ሲታይ እይታው የሦስተኛ መደብ ይሆናል።

የዘርፉ አጭር ዳራ

የአንደኛ መደብ ሽሽት ከዘመናዊ ስልክ እጅግ ይቀድማል። ማልኮም ኢቫንስ በ1981 ለሲንክሌር ዜድ ኤክስ 81 ኮምፒውተር የጻፈው «ስሪዲ ሞንስተር ሜዝ» በ16 ኪሎ ባይት የማስታወሻ አቅም ይሠራ ነበር። ተጫዋቹ ከጥቁርና ነጭ ግድግዳዎች በተሠራ ውስብስብ መተላለፊያ ውስጥ ከዳይኖሰር ይሸሻል። አውሬው ከኋላ ሲመጣ አይታይም፤ መቅረቡ የሚታወቀው በስክሪኑ ላይ በሚወጣ አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው። ፍርሃቱ የሚመነጨው ከተሳለው ሳይሆን ከተሰወረው ነው።

አዳም ሳልትስማን በ2009 ያወጣው «ካናባልት» ሯጩን ከጎን ያሳያል። በአንድ አዝራር ብቻ የሚሠራ ሲሆን ቀለሙም ግራጫ ነው። በኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2012 ለስብስቡ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ 14 ጌሞች አንዱ ሆኗል። በ2008 የስዊድኑ ዳይስ ኩባንያ ያቀረበው «ሚረርስ ኤጅ» ደግሞ በአንደኛ መደብ እይታ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘለልበት ጌም ነው። ከተማው በአመዛኙ ነጭ ነው፤ ቀዩ ቀለም መሄጃውን ያመለክታል።

በስልክ ላይ ዘርፉን ያስፋፉት በ2011 የወጣው «ቴምፕል ራን» እና በ2012 የተከተለው «ሰብዌይ ሰርፈርስ» ናቸው። በአገራችንም መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል። በጌሙ ውስጥ ዶሮ ከአሳዳጁ ያመልጣል። ስሙ የአውራ ዶሮን ጩኸትና የልጆችን የድብብቆሽ ጨዋታ በአንድ ጊዜ ስለሚያስታውስ፣ መሸሽና መደበቅ ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች ከስልክ በፊት የሚታወቁ ጨዋታዎች መሆናቸውን ይጠቁማል። በእነዚህ በሦስቱ የስልክ ጌሞች ግን ሯጩ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ሯጩ ከእይታ ሲወጣና ተጫዋቹ ራሱ በቦታው ሲተካ ምን ይለወጣል? የሚቀጥሉት ሦስት ነጥቦች ይህን ይመለከታሉ።

1. ፍጥነት በዓይን እንዴት ይነበባል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ጊብሰን በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ወደፊት የሚጓዝ ሰው በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ጎን ሲፈስ ያያል። ነጥቡ የጉዞውን አቅጣጫ ያመለክታል፤ ፍሰቱ ደግሞ ፍጥነቱን ይናገራል። ወደ አዳማ የሚጓዝ ተሳፋሪ ይህን በቀላሉ ሊያስተውል ይችላል። በተራራው ጫፍ ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከቦታቸው የተንቀሳቀሱ አይመስሉም፤ የመንገዱ ዳር ምሰሶ ግን ገና ከመታየቱ ያልፋል። ሩቁ አቅጣጫን፣ ቅርቡ ፍጥነትን ይሰጣል።

የፍጥነት ስሜት በእውነተኛው ፍጥነት ብቻ አይወሰንም፤ የዓይን ከፍታም ወሳኝ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። ዓይኑ ከአስፋልቱ 2.5 ሜትር ከፍ ላለ የአውቶብስ ተሳፋሪ ይህ ርቀት የዓይኑን ከፍታ 11 ጊዜ ያህል ነው። በአነስተኛ አውቶሞቢል ውስጥ 1.1 ሜትር ከፍታ ላይ ላለ ሰው ግን 25 ጊዜ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ፍጥነት ቢጓዙም ሁለተኛው ሰው መሬቱ ይበልጥ ሲሮጥ ያያል። በተመሳሳይ ምክንያት፣ በ2014 አገልግሎት በጀመረው ሰፊና በአጥር በተከለለው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ መቶ ኪሎ ሜትር የተረጋጋ ጉዞ ይመስላል፤ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መሀል በሚያልፈው በነባሩ መንገድ ላይ ግን ሱቁ፣ ዛፉና ባጃጁ በቅርብ ስለሚያልፉ የዚያ ግማሽ ፍጥነት እንኳ ችኩል ሆኖ ይታያል።

ቁጥብ ጌም ሠሪ ይህን በጥቂት መስመሮች ይጠቀምበታል። ካሜራውን ወደ መሬት ያቀርባል፣ መሬቱ ላይ በእኩል ርቀት ምልክት ያደርጋል፣ በሁለቱ ጎን ምሰሶ ይተክላል። የዛፍ ቅጠል፣ የሕንፃ መስኮት፣ የሰማይ ደመና ለዚህ አያስፈልጉም። የሯጩ ጀርባም የስክሪኑን መሀል ስለማይሸፍን፣ ፍሰቱ የሚነሣበት ነጥብ ለተጫዋቹ ክፍት ይሆንለታል።

2. የሚያድግ መሰናክል

ሁለተኛው ምክንያት መሰናክል በአንደኛ መደብ እይታ የሚቀርብበት መንገድ ነው። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ግድግዳ 40 ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ከዓይን መስክ 3 ዲግሪ ያህል ይይዛል፤ በ20 ሜትር 6፣ በ10 ሜትር 11፣ በ5 ሜትር ደግሞ 23 ዲግሪ ይደርሳል። በሰከንድ 20 ሜትር ለሚሮጥ ተጫዋች የመጀመሪያው እጥፍ እድገት አንድ ሰከንድ፣ ሁለተኛው ግማሽ ሰከንድ፣ ሦስተኛው ሩብ ሰከንድ ይወስዳል። ግድግዳው በቀስታ ይቀርባል፤ ከዚያም በድንገት ይፈነዳል። ዴቪድ ሊ በ1976 እንዳመለከተው፣ ከዚህ የእድገት መጠን ብቻ፣ ርቀቱንም ሆነ ፍጥነቱን ለይቶ ማወቅ ሳያስፈልግ፣ ለግጭት የቀረውን ጊዜ መገመት ይቻላል።

ሰው ላየው ነገር ምላሽ ለመስጠት በአማካይ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ከላይ በተጠቀሰው ፍጥነት ይህ አምስት ሜትር ነው። እንግዲህ ግድግዳው ስክሪኑን ሲሞላ ውሳኔው አልፏል፤ የሚድነው ቀድሞ የወሰነ ነው። ተጫዋቹ በድግግሞሽ የሚማረው ቅርቡን መፍራት ትቶ ሩቁን ማንበብ ነው። ይህ መማር የሚቻለው ግን የመሰናክሉ ጠርዝ ከጀርባው በግልጽ ሲለይ ነው። በጌጥ የተሞላ ስክሪን ጠርዙን ይውጠዋል፤ ተጫዋቹም የተሸነፈው በፍጥነት ይሁን በግርግር መለየት ያቅተዋል።

3. ጥቂት ምርጫ፣ ፍትሐዊ ሽንፈት

ዊልያም ሂክ በ1952 ባሳየው መሠረት፣ የምርጫ ብዛት ሲጨምር የመወሰኛ ጊዜም ይጨምራል። ግራ፣ ቀኝና ዝላይ ብቻ ያሉት ጌም ውሳኔውን ያሳጥራል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ በ1975 እና በ1990 ባሳተማቸው ሥራዎች የገለጸው ተመስጦም ግልጽ ዓላማ፣ ፈጣን ግብረ መልስ፣ ከችሎታ ጋር የተመጣጠነ ፈተና ይፈልጋል። የሩጫ ጌም ሦስቱንም በአንድ ደንብ ያሟላል፦ አትጋጭ። ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ስለሚጨምር እያንዳንዱ ተጫዋች ችሎታው የሚያበቃበት ቦታ ላይ ይደርሳል።

ከዚህ የሚከተለው ሽንፈት ነው፤ መጨረሻ በሌለው ሩጫ ሁሉም ይሸነፋል። የስፐር ዩል በ2013 ያሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ሽንፈትን በተለመደው ኑሮ እየሸሹ በጌም ውስጥ ለምን እንደሚፈልጉት ይጠይቃል። በቁጥብ የሩጫ ጌም ረገድ መልሱ ከግልጽነት ጋር የተያያዘ ነው። መሰናክሉ ታይቷል፣ ጊዜው ነበረ፣ አዝራሩ ሠርቷል፤ የዘገየው ተጫዋቹ ነው። በአንደኛ መደብ እይታ ደግሞ የሚወቀስ ሌላ ገጸ ባሕርይ የለም። በ«ኩኩሉ» የሚያዘው ዶሮው ነው፤ በአንደኛ መደብ የሚጋጨው ግን ተጫዋቹ ራሱ ነው። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ያመነ ሰው ማስተካከልም በእጁ መሆኑን ያምናል፤ ዳግም የሚጀምረውም ስለዚህ ነው።

ይህ እምነት በቀላሉ ይሰበራል። በሙከራዎች መካከል የሚገባ ማስታወቂያ የድግግሞሹን ምት ያቋርጣል፤ ከግጭት በኋላ በገንዘብ መቀጠልን የሚፈቅድ ደንብ ደግሞ የተገኘውን ውጤት ትርጉም ያሳጣዋል። ገቢ አስፈላጊ ቢሆንም ከሩጫው ውጪ መፈለግ ይኖርበታል።

የቁጥብነት ወሰን

ከላይ የተባለው ሁሉ «በቀነሱ ቁጥር ይሻላል» ማለት አይደለም። ምልክት የሌለው ወጥ መሬት ፍሰት ስለማይፈጥር ተጫዋቹ የቆመ ይመስለዋል። አድማስ ከጠፋ አቅጣጫ ይጠፋል። ዓይን ሲሮጥ አካል ስለሚቀመጥም አንዳንድ ተጫዋቾች ማቅለሽለሽ ይሰማቸዋል፤ «ሚረርስ ኤጅ» ይህን ለመቀነስ በስክሪኑ መሀል የማትንቀሳቀስ ትንሽ ነጥብ አስቀምጧል። እንግዲህ የመሬት ምልክት፣ አድማስ፣ የመሰናክል ጠርዝና የእርምጃ ድምፅ የማይነሡ ምሰሶዎች ናቸው።

ቁጥብነት የድህነት ውጤት ነው ለሚለው አስተያየትም «ሚረርስ ኤጅ» በቂ መልስ ይሰጣል። ዳይስ ከተማውን በፈለገው ቀለም ለመሙላት አቅም ነበረው፤ ነጭ ያደረገው ሯጩ መንገዱን እንዲያይ ነው።

ለአዳማ ምን ማለት ነው?

በ1993 በናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅነት የተጀመረው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባት ከተማ፣ ጌም ለመሥራት የሚያስብ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ላፕቶፕ፣ የሚቆራረጥ መብራትና የተወሰኑ ወራት ናቸው። በዚህ አቅም ሰፊ ከተማ፣ ብዙ ገጸ ባሕርያትና ረጅም ታሪክ ያለው ጌም ሲታቀድ ከመግቢያው ምስል ብዙም ሳይርቅ የመመረቂያው ቀን ሊደርስ ይችላል። ቁጥብ የሩጫ ጌም ግን በዚያው አቅም እስከ መጨረሻው ተሠርቶ ሊጣራ ይችላል።

አካባቢውም ለዚህ አቀራረብ ይስማማል። በአዳማ ብርቱ ፀሐይ ሥር በስልክ ስክሪን ላይ ስስ የቀለም ልዩነት አይለይም፤ የጥቁርና የነጭ ያህል የተራራቀ ቀለም ግን ይነበባል። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ስልክ፣ ከላይ በተጠቀሰው ፍጥነት፣ በየምስሉ መካከል 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘላል፤ ጌሙ ከብዶት ወደ 20 ምስል ከወረደ ግን ዝላዩ አንድ ሜትር ይሆናል። የተቀነሰው ጌጥ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ለስላሳ እንቅስቃሴ ይለወጣል። ግራሩ፣ የነባሩ መንገድ ዳርና የነፋስ ማመንጫዎቹ አድማስም ለአንደኛ መደብ ሩጫ በቂ የቅርጽ ቋንቋ ናቸው።

ለምዘና የሚከተለው ትርጉም ግልጽ ነው። የተማሪ ጌም በገጸ ባሕርያቱና በደረጃዎቹ ብዛት ብቻ ከተመዘነ ተማሪው መጨመርን ይማራል፤ መሰናክሉ በስንት ሜትር ይለያል፣ እንቅስቃሴው በርካሽ ስልክ ላይ ይቋረጣል ወይ፣ ተጫዋቹ የተሸነፈበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መምረጥን ይማራል። ለቀጣይ ጥናትም መንገዱ ክፍት ነው። አንድን ጌም በሦስት የካሜራ ከፍታና በሁለት የጌጥ መጠን አዘጋጅቶ፣ ፈቃደኛ ተጫዋቾች የገመቱትን ፍጥነትና በራሳቸው ፍላጎት የደገሙትን ሙከራ ብዛት መለካት በአንድ ላቦራቶሪና በጥቂት ስልኮች የሚቻል ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

የቁጥብ የአንደኛ መደብ የሩጫ ጌም ማራኪነት ከሦስት ነገሮች ይመነጫል፦ ከጠራ የፍጥነት ስሜት፣ ቀድሞ ሊነበብ ከሚችል አደጋ፣ ከማያከራክር ሽንፈት። ሦስቱም የሚገኙት በመቀነስ ነው፤ የሚቀነሰውን ለማወቅ ግን ዓይን የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ይጠይቃል። በትንሽ አቅም የሚነሣ የአዳማ ጌም ሠሪ በዚህ ዘርፍ ከትልቁ ኩባንያ ጋር የሚፎካከረው በምስሎቹ ብዛት ሳይሆን ያስቀረውን እያንዳንዱን ቅርጽ ለምን እንዳስቀረ በማወቁ ነው።