ፊደል አልታይ ስላለው የኤሌክትሪክ ጽሕፈት ሰሌዳ

በሁለት መስመር 32 ፊደል የሚያሳየው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ለተማሪዎች የእጅ ሥራ መልመጃ የተመቸ ነው። የሚሠራውም ሂታቺ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ባወጣው በኤች ዲ 44780 ሥርዓት ነው።

ብርሃኑ በርቶ ፊደሉ ያልታየ እንደ ሆነ፥ ተማሪው ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይቸኩላል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ነውሩ ከሦስተኛው እግር ነው። ይህ እግር የፊደሉን መጥቆርና መገርጣት ይወስናልና፥ ባዶውን ከተተወ ጽሑፉ ተጽፎ ሳለ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ አስቀድሞ ኃይሉን አቋርጦ፥ የ10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር ሁለቱን ዳር እግሮች ከ5 ቮልቱና ከዜሮ ቮልቱ ሽቦ፥ መካከለኛውንም ከሦስተኛው እግር ማገናኘት ይገባል፤ ከዚያም ኃይሉን መልሶ በቀስታ ማዞር ነው። በላይኛው መስመር ብቻ ጥቁር አራት ማዕዘኖች ከታዩ፥ ሰሌዳው ኃይል አግኝቷል፥ ትእዛዝ ግን አልደረሰውም፤ የትእዛዙ ሽቦዎች ይመርመሩ።

ሰሌዳው የላቲንን ፊደል ያውቃል፤ በብዙዎቹም የጃፓን ካታካና አለበት፤ የእኛ ፊደል ግን የለበትም። ሆኖም ባለቤቱ የወደደውን የሚቀርጽባቸው 8 ስፍራዎች ተትተዋል፤ እያንዳንዱም ወደ ጎን 5፥ ወደ ታች 8 ነጥብ ነው። «በ»ን ለመቅረጽ የላይኛውን ረድፍ በሙሉ፥ ከዚያ በታች የግራና የቀኙን ጠርዝ ብቻ ማጥቆር ይበቃል። «ቡ» ግን በስተቀኝ ቅጥያ ስላለው፥ አካሉን በ4 ነጥብ አጥብቦ አምስተኛውን ለቅጥያው መተው ግድ ነው። መምህሩ ይህን ባይነግር ይሻላል፤ ተማሪው በካሬ ወረቀት ላይ ሲሥል ራሱ ያገኘዋል። «ሰላም ኢትዮጵያ» ብሎ የሚጽፍም ስምንቱን ስፍራ በሙሉ ይጨርሳል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግረው «ጵ» ነው።