ተራኪው ማን ነው? ተናጋሪውስ?
ኮምፒዩተር ጽሑፍ ሲያነብልን የተራኪንና የባለታሪክን ድምፅ ስለ መለየት

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ስለ አንድ ቀበሌ የውኃ ችግር ጽፌ ነበር። ጽሑፉን ዓይነ ስውር ለሆነች የክፍላችን ልጅ በኮምፒዩተር አስነብቤ በፍላሽ ሰጠኋት። አዳምጣ ስትመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ውኃው ለሁሉም ቤት ደርሷል ያልከው አንተ ነህ እንዴ?» የሚል ሆነ። ኧረ እኔ አላልኩም! ያሉት የቀበሌው ሊቀ መንበር ናቸው። ወረቀቱ ላይ ትምህርተ ጥቅሱ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ነገር ግን ትምህርተ ጥቅስ በዓይን እንጂ በጆሮ አይታይም። ኮምፒዩተሩ የእኔንም የሊቀ መንበሩንም ቃል በአንድ ድምፅ ሲያነበንበው የሰውየው አባባል የእኔ ምስክርነት ሆኖ ቁጭ አለ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ አጭር ጽሑፍ የተነሣው ከዚያች ጥያቄ ነው። ጽሑፍን ወደ ንግግር በሚቀይር ሶፍትዌር ስንጠቀም የተራኪውን ድምፅ ከተናጋሪው ድምፅ እንዴት እንለያለን? መቼስ መለየት አለብን? የሚሉትን በሞከርኩት መጠን ለማሳየት እሞክራለሁ።

አንድ ሰው፣ ብዙ ድምፅ

ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ወዲያው ይገባዋል። አንባቢው አንድ ሰው ነው። ሆኖም ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩና ጉዱ ካሣ ሲናገር ማን እንደሆነ አንስትም። ባለታሪኩ ሲጨርስ ደግሞ ተራኪው ወደ ራሱ ድምፅ ይመለሳል፤ አድማጩም በዚያ ድምፅ ላይ ያርፋል።

ኮምፒዩተር ይህን በራሱ አያደርገውም። ማን እየተናገረ እንደሆነ እኛ ካልነገርነው በስተቀር ሁሉንም ደብልቆ ያነባል።

የአማርኛ ጣጣ

በአማርኛ ችግሩ የሚብሰው በዓረፍተ ነገራችን አሠራር ምክንያት ነው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «አለ»፣ «አለች»፣ «ሲሉ ገለጹ» የሚሉት ቃላት ከንግግሩ በኋላ ይከተላሉ። አንባቢ ትምህርተ ጥቅሱን አይቶ አስቀድሞ ይጠነቀቃል። አድማጭ ግን ሦስት መስመር ሙሉ ሰምቶ ሲያበቃ ነው «ለካ የእሳቸው ቃል ኖሯል» የሚለው።

ሌላም አለ። በአማርኛ «እመጣለሁ አለ» ስንል ትምህርተ ጥቅስ ባይኖርም «እመጣለሁ» የሚለው ሰውየው ነው፤ ተራኪው አይደለም። «እንደሚመጣ ተናገረ» ስንል ግን ቃሉን ተራኪው ወደ ራሱ አዙሮታል። እንግዲህ ድምፅ ከመመደባችን በፊት ቃሉ የማን እንደሆነ መለየት ግድ ይላል።

ሶፍትዌሩ ምን ይሰጠናል?

ለዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ ኤስ.ኤስ.ኤም.ኤል የሚባለው የምልክት ቋንቋ ነው። የወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም እ.ኤ.አ. በ2004 ደረጃውን ያወጣለት ሲሆን በጽሑፉ መካከል ታግ በማስገባት «ከዚህ እስከዚህ በዚህ ድምፅ አንብብ»፣ «እዚህ ላይ ትንሽ ቁም»፣ «ይህን ዝግ ብለህ አንብብ» ብለን እንድናዝ ያስችለናል። በማይክሮሶፍት አዙር አገልግሎት ላይ መቅደስ የተባለች የሴት እና አምሀ የተባለ የወንድ የአማርኛ ድምፅ ይገኛሉ። በነፃ የሚገኘው ኢስፒክ ኤን ጂም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ማሽን ቢልም።

ታግ የማይቀበል ፕሮግራም ብቻ ያለው ተማሪ ተስፋ አይቁረጥ። የተራኪውን ክፍል ለብቻ፣ የባለታሪኩን ለብቻ አስነብቦ ፋይሎቹን ኦዳሲቲ ላይ መቀጣጠል ይችላል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ውጤቱ ያው ነው።

አሠራሩ በደረጃ

1ኛ. ጽሑፉን እንደ ድራማ መከፋፈል። እያንዳንዱን መስመር በባለቤቱ ስም እንጻፍ። ለምሳሌ፦

ተራኪ፦ አልማዝ ጀሪካኗን አስቀምጣ ቧንቧውን ከፈተች።
አልማዝ፦ ዛሬም የለም?
ተራኪ፦ ጎረቤቷ ራሱን ነቀነቀ።
ጎረቤት፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ነበር አሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የመጨረሻዋ «አሉ» የተራኪው አይደለችም። ጎረቤትየው ከሰው የሰማውን ነው የሚያወራው። «አለ» እና «አሉ» ባየን ቁጥር ለተራኪ ከሰጠን እንሳሳታለን።

2ኛ. ድምፅ መመደብ። ለተራኪው ጆሮ የማያደክመውን ድምፅ እንምረጥ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም አንቀይረው። ባለታሪኮቹ ከድምፆቹ ከበዙ ለዋና ዋናዎቹ ብቻ እንመድብ፤ አንዴ ብቅ ብሎ ለሚጠፋው ሰው ተራኪው ይናገርለት። የአንዱን ድምፅ ውፍረትና ፍጥነት በመለወጥ ሌላ ሰው ማስመሰል ይቻላል፤ ግን በልክ። እኔ ለአንድ ሽማግሌ ፍጥነቱን ከመቶ 10 ብቀንስ በቂ ነበር። ከመቶ 30 ስቀንሰው ሽማግሌው የሰከረ መሰለ።

3ኛ. ፋታ። ድምፅ ሲቀየር በመሃል ግማሽ ሰከንድ ያህል ዝምታ ካላስገባን ሁለቱ ሰዎች የሚሻሙ ይመስላሉ።

4ኛ. ንባቡን ማረም። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል አይለይም። «ውኃ አለ አለ» የሚለውን ለኮምፒዩተር ስጡትና ጉዱን እዩ። የመጀመሪያው ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል፤ ማሽኑ ግን ሁለቱንም አንድ ዓይነት ሊያነባቸው ይችላል። መፍትሔው ቃሉን መለወጥ ነው፤ «ውኃ እንዳለ ተናገረ» ብንል ነገሩ ያልቃል። «ወ/ሮ»ንም «ወይዘሮ» ብለን ዘርዝረን እንጻፍ።

ልብ ወለድና ዜና አንድ አይደሉም

በልብ ወለድ ድምፁ ከተለየ ባዶዋን «አለች» ማውጣት እንችላለን፤ አልማዝ መሆኗ ተሰምቷልና። «አለች እንባዋን እየጠረገች» ከሆነ ግን ማውጣት የለብንም፤ እንባው በድምፁ ውስጥ የለም።

በዜናና በፊቸር ግን ምንጩን የሚናገረው ክፍል ፈጽሞ አይወጣም። እንዲያውም ወደ ፊት መምጣት አለበት፦ «የቀበሌው ሊቀ መንበር እንዲህ ይላሉ» ብሎ ተራኪው ያስተዋውቃል፤ ጥቅሱ ይከተላል።

ከዚህ የሚበልጥ ጥንቃቄም አለ። አልማዝ የፈጠራ ሰው ናት፤ የፈለግነውን ድምፅ ብንሰጣት ማንም አይጎዳም። ሊቀ መንበሩ ግን በሕይወት ያሉ ሰው ናቸው። በኮምፒዩተር ድምፅ ቃላቸውን ስናስነብብ አድማጩ «እሳቸው ናቸው» ብሎ ካመነ አታለልነው ማለት ነው። ድምፁ ላይ ቁጣ ወይም ማመንታት ብንጨምርበት ደግሞ ያላሉትን አሰኘናቸው። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። በዜና ሥራ ሁለት ድምፅ ብቻ ይኑር፤ አንዱ የተራኪ፣ ሌላው የጥቅስ። የጥቅሱ ድምፅ ለሊቀ መንበሩም፣ ለእናቲቱም፣ ለመሐንዲሱም ያው ይሁን። ያን ጊዜ ሁለተኛው ድምፅ ትምህርተ ጥቅስ ይሆናል እንጂ ሰው አይሆንም። መጀመሪያ ላይም «የምትሰሟቸው ድምፆች በኮምፒዩተር የተሠሩ ናቸው» ብለን እንናገር። የሰውየው የራሱ ድምፅ ተቀድቶ ካለን ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

ማጠቃለያ

በዚሁ መንገድ የውኃውን ጽሑፍ እንደገና ሠራሁት። ተራኪው በአምሀ፣ ጥቅሶቹ በመቅደስ። ያቺው የክፍላችን ልጅ አዳመጠችና አሁን ማን ምን እንዳለ በደንብ እንደለየች ነገረችኝ። ቀጥላ ግን እንዲህ አለች፦ «ሊቀ መንበሩ ደርሷል ይላሉ። ሴትዮዋ አልደረሰም ትላለች። አምሀ ግን 'እንዲህ ይላሉ፣ እንዲህ ትላለች' ከማለት ሌላ ምንም አልተናገረም። አንተ ሄደህ ቧንቧ ከፍተሃል?»

አልከፈትኩም ነበር። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲነበብ ጽሑፌ ሙሉ መስሎኝ ነበር፤ ድምፆቹ ሲለያዩ ግን የተራኪው ድርሻ ባዶ መሆኑ ተጋለጠ። በማግሥቱ ተመልሼ ሄድኩና ፈቃድ ጠይቄ አምስት ቤት ገባሁ። በሁለቱ ውኃው ይወርዳል፤ በአንዱ ይንጠባጠባል፤ በሁለቱ ቧንቧው ደረቅ ነው። አሁን ተራኪው የራሱ የሆነ አንድ አንቀጽ አለው።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ፊቸር ጽፋችሁ ለመምህር ከማስረከባችሁ በፊት በሁለት ድምፅ አስነብባችሁ አዳምጡት። የተራኪው ድምፅ ሲመጣ ምን እንደሚል ጆሮ ስጡት።

ቸር እንሰንብት።