ለቁርጥማት የሚዋጥ ክኒን፦ በጥንቃቄ እንዴት ይወሰዳል?

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን። ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚቆረጥመው ሰው ባለበት በአዲስ አበባው ሀና ማርያም ሰፈር ቤት ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ አይታጣም። ክኒኖቹ ይሠራሉ። ቅዳሴ ቆመው ማስቀደስ ያቃታቸውን እናት ያቆማሉ፤ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን አባት ደረጃ ያስወርዳሉ። ስለዚህ «አትውሰዱ» ለማለት አልጻፍኩም። ክኒኑ ጉዳት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው፤ ከባዶ ሆድ፣ ከደም ግፊት መድኃኒት፣ ወይም በሌላ ስም ከተሸጠ የራሱ ዘመድ ጋር። ከመዋጥዎ በፊት እነዚህን ይዩ።

በቅድሚያ ሕመሙን ይለዩ

ማስታገሻ ሕመሙን ያበርዳል እንጂ ምክንያቱን አያነሳም፤ እንዲያውም ሊሸፍነው ይችላል። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ግሎ ትኩሳት ከጨመረ ውስጡ መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል የሚያስፈልገው የዚያኑ ዕለት ሐኪም ነው። የእጅ ጣቶች ጠዋት ጠዋት እያበጡ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልታጠፍም የሚሉ ከሆነ፣ ወይም የእግር አውራ ጣት ሌሊት በድንገት አብጦ አንሶላ እንኳ አላስነካ ካለ፣ ሁለቱም የየራሳቸው ምርመራና የየራሳቸው ሕክምና አላቸው።

ስለ ልጆች አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ክርን የሚዞርበት ልጅ ካለ ቤት ውስጥ ማስታገሻ እየሰጡ አያቆዩት። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ መዘዙም የልብ በር መጎዳት ነው። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚዳርገው ይኸው በሽታ ሲሆን፣ በጊዜ ከተደረሰበት በፔኒሲሊን መርፌ መከላከል ይቻላል።

ከዚህ በታች ያለው በዕድሜና በሥራ ብዛት መገጣጠሚያው ለተጎዳ፣ ሲቆምና ሲራመድ ለሚብስበት፣ ሲያርፍ ለሚሻለው ሰው ነው።

የመድኃኒት ፌስታልዎን ይዘው ይሂዱ

ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የደም ግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የጨጓራውን፣ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣውን፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ፋርማሲው ይሂዱና «ይህ ክኒን ከእነዚህ ጋር ይስማማል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። በእኔ እምነት ከእርምጃዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ የቀረውን ቢረሱ እንኳ ይህን አይርሱ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የክኒኑን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው እነዚህ መድኃኒቶች ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳይሠራ ያግዳሉ፤ ለዚህ ሥራው በ1982 የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ፕሮስታግላንዲን በጉልበት ውስጥ እብጠትና ሕመም ያመጣል። በጨጓራ ውስጥ ግን ግድግዳውን ከአሲድ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ በኩላሊት ውስጥ ደግሞ የደም ሥሮችን ከፍቶ ደም በበቂ እንዲደርስ ያደርጋል። ክኒኑ ጉልበቱን ከጨጓራውና ከኩላሊቱ አይለይም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ያግዳል። በደም በኩል ስለሚሠራም «እኔ በመርፌ ነው የምወስደው፣ ጨጓራዬን አይነካም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም።

አሁን ፌስታሉን ይፍቱት። መጀመሪያ የሚፈለገው ዘመድ ነው። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው፤ አሊቭ ማለት ናፕሮክሲን ነው። ከውጭ ልጅ የላከውን አንዱን ጠዋት፣ ከሰፈር ፋርማሲ የተገዛውን ዳይክሎፌናክ ማታ የሚውጥ ሰው አንድ ዓይነት መድኃኒት በእጥፍ እየወሰደ ነው። ክሊኒክ ሄዶ የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ፣ ቤት ሲደርስ ክኒኑን የሚደግምም እንዲሁ። ከዚህ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚወሰደው። ፓራሲታሞል ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ አብሮ ሊወሰድ ይችላል።

ቀጥሎ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን በብዛት የሚታዘዙት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከእነዚህ ማስታገሻዎች ጋር ሲሰባሰቡ ኩላሊት ከሦስት ወገን ይጨነቃል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሰውነት ውኃ ያስወጣል፤ ኢናላፕሪል በኩላሊት ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ማስታገሻው ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ያጠብባል። ፉሮሴማይድም እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። በዚያ ላይ ማስታገሻው ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ስለሚያስቀር ግፊቱ ራሱ ከፍ ይላል። የግፊት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ «ግፊቴ አልወርድ አለ» የሚል ሰው ለጉልበቱ ምን እንደሚውጥ ይጠየቅ። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተከናወነው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ዲያሊሲስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ መዋልን ይጠይቃል። ኩላሊትን ቀድሞ መጠበቅ የሚሻለው ለዚህ ነው።

በፌስታሉ ውስጥ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ ለልብ የሚወሰድ አስፕሪን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ከተገኘ ያለ ሐኪም ፈቃድ ማስታገሻውን አይጀምሩ፤ የጨጓራ መድማት አደጋው ብዙ ይጨምራል። «ከዕፅ የተቀመመ፣ ቁርጥማት የሚነቅል» ተብሎ የሚሸጥ ክኒንና ዱቄትም ካለ ያሳዩት። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2022 አርትሪ ኪንግ በሚል ስም ስለሚሸጡ የመገጣጠሚያ «ማሟያዎች» ደጋግሞ ያስጠነቀቀው፣ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታሶን ስለተገኘባቸው ነበር። ወዲያው በተአምር የሚያስነሳ ዱቄት ሲገጥምዎት ይህን ያስታውሱ።

የጨጓራ ቁስል ወይም መድማት የነበረባቸው፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ልባቸው የደከመ ወይም ስትሮክ ያገኛቸው፣ አስፕሪን ወስደው አስማቸው የተነሳባቸው ሰዎች እነዚህን ክኒኖች በራሳቸው ፈቃድ መውሰድ የለባቸውም። ዳይክሎፌናክ በተለይ በልብና በደም ሥር ላይ ካለው አደጋ የተነሳ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 የልብ ሕመምተኞች እንዳይወስዱት ወስኗል። ነፍሰ ጡር ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰድ፤ ከ30ኛው ሳምንት በኋላ ፈጽሞ አይሆንም።

ቅባቱ ይቅደም

ሕመሙ ጉልበት ወይም የእጅ ጣት ላይ ብቻ ከሆነ ከሚዋጠው በፊት የሚቀባውን ዳይክሎፌናክ ጄል ይሞክሩ። ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ለአረጋውያን በብዙ አገሮች መጀመሪያ የሚመከረውም እሱ ነው። ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ አይቀባም፤ ከተቀቡም በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።

ሲገዙና ሲውጡ

ክኒኑ ከነማሸጊያው ይሰጥዎት። ተቆርጦ በወረቀት ፖስታ ከተሰጠዎት ስሙን፣ ሚሊግራሙንና የሚያበቃበትን ቀን ያስጽፉ። በማሸጊያው ላይ ያለው ዓመት የፈረንጆች ነው። 2026 የሚለውን አይተው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ካሰቡት ገና ሰባት ስምንት ዓመት የቀረው ይመስልዎታል፤ ይህ ስህተት በየቤቱ በቀላሉ ይፈጠራል።

መጠኑ የሚጀመረው ከዝቅተኛው ነው። አይቡፕሮፌን ለአዋቂ ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1200 ሚሊግራም አይታለፍም። ዳይክሎፌናክ በሐኪም ትእዛዝም ቢሆን በቀን ከ150 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ለብዙ ሰው ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ሕመሙ ባሰ ብሎ ሁለት ሁለት መዋጥ ጉዳቱን እንጂ ማስታገሱን ያን ያህል አይጨምርም። የረሱትንም ለማካካስ አይደርቡ።

ምግብ በልተው እንደጨረሱ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡት። ዳይክሎፌናክ አብዛኛውን ጊዜ በጨጓራ ውስጥ እንዳይፈታ ተሸፍኖ የተሠራ ስለሆነ አይፍጩት፣ አያኝኩትም። ወዲያው ጋደም አይበሉ። ወተት የግድ አይደለም፤ እንጀራ በሽሮ ይበቃል። ሆኖም ምግቡ የሚያስታግሰው ማቃጠሉን እንጂ ቁስለቱን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። ስለዚህ ከ65 ዓመት በላይ የሆነና ለቀናት የሚወስድ ሰው ጠዋት ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ኦሜፕራዞል ይጨምር እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው፤ ከማስታገሻው ጋር ሲገናኝ ቁስለትን ያባብሳል። ጨጓራዎን የሚያምዎ ከሆነ መጀመሪያ ይመርመሩና ይታከሙ። ማስታገሻውን በሚወስዱባቸው ቀናት አረቄ፣ ጠጅና ቢራ ይቅሩብዎት።

ከአንድ ሳምንት በላይ ካስፈለገዎት ጉዳዩ ከራስዎ እጅ አልፏል። ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው ግፊትዎን ይለኩ፤ የኩላሊት ምርመራ፣ ማለትም ክሬአቲኒን፣ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

በጾም ወራት

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙዎች እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ስግደቱ ጉልበትን የሚያስጨንቅበት ወቅትም ይኸው ነው፤ ክኒኑም ሆዱም የሚገናኙት በክፉ ሰዓት ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ውጦ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለጨጓራም ውኃ ላጠረው ኩላሊትም መጥፎ ነው። የሚጾሙ ከሆነ የመጀመሪያውን ክኒን ከ9 ሰዓቱ ምግብ በኋላ፣ ሁለተኛውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከራት በኋላ ያድርጉት፤ ሦስተኛውን ይተዉት። በመካከሉ ውኃ ደጋግመው ይጠጡ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ዓይነት ይስማማዎት እንደሆነም ሐኪሙን ይጠይቁ። የረመዳን ጿሚም ከኢፍጣርና ከሱሁር ምግብ በኋላ ያድርገው።

ይህ ካልበቃና ሕመሙ ጠዋትም መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን የምታይበት የራሷ ሥርዓት አላት፤ ለአባትዎ ሳይነግሩ በባዶ ሆድ እየዋጡ መጾም ግን ማንም ያላዘዘው ነገር ነው። ጠበል ጠጥተው ካስመለሰዎት ወይም ካስቀመጠዎት፣ በሌላ ምክንያትም ተቅማጥ ከያዘዎት፣ በዚያን ቀን ማስታገሻውን ይለፉት። ውኃ ያለቀበት ሰውነት ላይ ይህ ክኒን ሲጨመር ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። የግፊት መድኃኒትዎን በተመለከተ ደግሞ የዚያኑ ቀን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ወዲያው የሚያስቆሙ ምልክቶች

እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን ሰውነት መስነፍ፣ የፊትና የከንፈር እብጠት፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ክኒኑን አቁመው በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከሀና ማርያም ለሚነሳ ሰው በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አንዱ አማራጭ ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እግር ካበጠ፣ ሽንት ካነሰ ወይም ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ደግሞ ክኒኑን አቁመው በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። የጨጓራ መድማት ያለ ምንም የሆድ ሕመም ሊመጣ እንደሚችል ይወቁ፤ በተለይ አረጋውያን ላይ። ስለዚህ ወላጆቻችሁ ክኒኑን የሚወስዱ ከሆነ ሰገራቸው ጠቁሮ እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቋቸው።

መድኃኒቱ ጉዳት ካደረሰብዎት፣ ወይም ማሸጊያው አጠራጣሪ ከመሰለዎት፣ ማሸጊያውን አይጣሉት። ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውለው ያሳውቁ፤ ጥሪው በነፃ ነው።