የእርሻ ጎርፍ የሚበክለውን ውሃ በኮምፒዩተር ስለ መከታተል

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኦገስት ወር መጀመሪያ፣ በአሜሪካ በኦሃዮ በምትገኘው በቶሌዶ ከተማ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ታወጀ። አፍልቶ መጠጣትም አይረባም ነበር፤ ሲፈላ ውሃው ይተናል እንጂ መርዙ ስለማይጠፋ ይብሱን ይጠነክራል። እገዳው የተነሣው በሦስተኛው ቀን ነው።

መርዙን ያመነጩት በኤሪ ሐይቅ ላይ የበዙት አረንጓዴ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱን የቀለባቸው ደግሞ በተለይ የማውሚ ወንዝ ከእርሻ ማሳዎች ጠርጎ የሚያመጣው ፎስፈረስ ነው። ፋብሪካ ቢሆን ቱቦው ይታያል፤ ባለቤቱም ይጠየቃል። ከብዙ ሺህ ማሳዎች የሚንጠባጠበውን ግን ማን ከማን ይለየዋል?

ለዚህ ከተበጁት መሣሪያዎች አንዱና የታወቀው ስዋት የተባለው ሶፍትዌር ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቴክሳስ የሠሩት ሲሆን፣ ማንም ያለ ዋጋ ሊወስደው ይችላል። አሠራሩም ለእኛ ለአርትስ ተማሪዎች እንኳ የሚገባ ነው። ተፋሰሱ በገባር ወንዞቹ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ በአፈሩ፣ በተዳፋቱና በሰብሉ ዓይነት ይሸነሸናል። ከዚያም የየቀኑ ዝናብና ሙቀት፣ ማዳበሪያ የተጨመረበት ቀን ሳይቀር ይገባለታል። ኮምፒዩተሩ ከየሽንሽኑ ስንት ውሃ፣ ስንት አፈርና ስንት ፎስፈረስ እንደሚወርድ ያሰላል፤ ውጤቱም በወንዙ ላይ ከተለካው ጋር ይመሳከራል። በወንዙ ዳር ሣር ቢተከል ምን ያህል እንደሚቀንስም አንድ ማሳ ሳይነካ ይሞክራል። በ2016 አሜሪካና ካናዳ ወደ ኤሪ የሚገባው ፎስፈረስ ከ2008ቱ በ40 በመቶ እንዲቀንስ ሲስማሙ፣ መንገዱን የፈለጉ ተመራማሪዎች የተጠቀሙት በዚሁ ሶፍትዌር ነው።

አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ግን ስዋት ወደ እኛ አገር ሲመጣ የሆነውን ነው። ሶፍትዌሩ ጎርፉን የሚገምተው አሜሪካውያን በ1950ዎቹ ለራሳቸው መሬት ባወጡት ሠንጠረዥ ነበር። ሠንጠረዡ አፈሩንና ሰብሉን ይጠይቃል እንጂ ማሳው ከተራራው በየት በኩል እንደ ተቀመጠ አይጠይቅም። በደጋችን ግን ክረምቱ ሲገፋ አብዛኛው ጎርፍ የሚነሣው ከቁልቁለቱ ሳይሆን ውሃ ከጠገበው ረባዳ ነው። ስለዚህ ወደ ጣና በሚፈሰው በጉማራ ተፋሰስ የሠሩ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሠንጠረዡን አውጥተው፣ አፈሩ የያዘውን ውሃ በሚከተል ስሌት ተኩት፤ ሥራቸውም በ2011 ታተመ።

በወንዙ መውጫ የሚለካው ጠቅላላ ውሃ በሁለቱም መንገድ ሊገጥም ይችላል። የሚለያየው ካርታው ነው፤ እርከን ሥራ፣ መሬትህን ለሣር ተው የሚባለው ባለ ቁልቁለቱ ይሁን ባለ ረባዳው ገበሬ የሚታየውም በዚያው ካርታ ላይ ነው።